የእናቴ ሕመም ከጉልበቷ ነው ወይስ ከጭኗ?

ሰላም፣ ግራ ገብቶኛል፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። የቀኝ ጉልበቷ ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) አለበት ተብሏል። በራጅ ሲታይ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠቧል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን የምትወርደው ወደ ጎን ዞራ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ነው። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ጨጓራዋን ስላስቸገራት አቁማለች።

ባለፈው ሳምንት ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቷን ትቶ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የጭኗን የውስጥ ጎን በአውራ ጣቱ ተጫነ። "ውይ! እሱ ነው ሕመሜ!" ብላ ጮኸች። ጣቱ ጭኗ ላይ፣ ሕመሙ ጉልበቷ ውስጥ! እኔም ዳሰስኩት፤ እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር አለ። ጡንቻ ውስጥ የሚቋጠር፣ ሲጫኑት ሕመሙን ሌላ ቦታ የሚልክ ነጥብ ነው አለን። የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ጭንና ባት ላይም ብዙ ጊዜ ይገኛል አሉ። ራጅ ደግሞ ይህን አያሳይም።

ችግሩ፣ በሳምንት ሁለቴ መመላለስ ከአቅማችን በላይ ነው። ቤት ውስጥ በእጅ ወይም በቴኒስ ኳስ መጫን ይቻላል? ለምን ያህል ጊዜ? በደረቅ መርፌ (መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ ቋጠሮው ላይ በመውጋት) የታከመ ሰውስ አለ? ጎረቤቶቻችን "ወጌሻ ይሽልሽ" ይሏታል። እኔ ፈራሁ፤ ባቷ ላይ ያበጡ የደም ሥሮች አሉ። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን የምትዘረጋበት ስፖርት ታዞላታል፤ ግን ቋጠሮው ሳይፈታ ብትጀምረው ይብስባት ይሆን?