ጥቆማ፦ በተጠቃሚው ኢንተርኔት ልክ ቪዲዮ ለማጫወት የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ቪዲዮዎች ያሉበት ድረ ገጽ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ የሚያየው በሞባይል ዳታ ነው። ገጹ ሲከፈት 5 ሜጋባይት ፋይል አውርዶ ፍጥነቱን ለክቶ ጥራት ቢመርጥ ያዋጣል?

መልስ፦ ይቅርብህ። 5 ሜጋባይቱ የሚቆረጠው ከልጁ ጥቅል ላይ ነው። ፋይሉን ብታሳንሰው ደግሞ ግንኙነቱ ገና ሳይፈጥን ማውረዱ ስለሚያልቅ ፍጥነቱን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳይሃል። ታክሲ ውስጥ ላለ ተማሪ ቁጥሩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዋጋ የለውም። ፋስት ዶት ኮም የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ገጽ ተመልከት የሚሉህ ካሉም፣ እሱ የሚለካው እስከ ኔትፍሊክስ ሰርቨር ያለውን መንገድ ነው፤ ያንተ ሰርቨር ሌላ ቦታ ነው። ክሮም በራሱ የሚሰጠው የፍጥነት ግምት ዳታ አይበላም፣ ግን በሰከንድ ከ10 ሜጋቢት በላይ አይናገርም፤ ሳፋሪና ፋየርፎክስ ላይ ጭራሽ የለም።

ቪዲዮውን በአራት ጥራት አዘጋጅተህ በኤችኤልኤስ (ቪዲዮን በአጫጭር ቁራጮች ከፋፍሎ በሚልክ ዘዴ) ልቀቀው። ማጫወቻው እያንዳንዱን ቁራጭ ለማውረድ ስንት እንደፈጀበት እያየ ራሱ ይለካል፤ ተጨማሪ ዳታ አይወስድም።

ሌላ መልስ፦ ገጽ ላይ ከሚገቡት የኤችኤልኤስ ማጫወቻዎች ለደካማ ኔትዎርክ ኤችኤልኤስ ጄኤስ ይሻላል። ምንም ሳይለካ የሚነሳው ከ500 ኪሎቢት ግምት ነው፤ ሌላው ማጫወቻ ሻካ ፕሌየር ከ1 ሜጋቢት ይነሳል። ሻካ የሚያሸንፈው ትምህርቱን ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ቤት ማየት ከተፈለገ ነው፣ ማስቀመጫው አብሮት አለ። ዩቲዩብ ላይ መጫን ነፃ ነው፣ ጥራቱንም ራሱ ያስተካክላል፤ ነገር ግን ከገጽህ ሆነህ ጥራት ልገድብ ብትል ትእዛዝህን አይሰማም። ክላውድፍሌር ስትሪም የሚባለው የሚከፈልበት አገልግሎት ሁሉን ይሠራልሃል፤ ሒሳቡ በተቀመጠውና በታየው ደቂቃ ነው፣ በዶላር። በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ ለሌለው እዚያው ያበቃል።

ጠያቂው፦ አራቱ ጥራቶች ስንት ስንት ይሁኑ?

መልስ፦ በምስሉ ቁመት (ፒክሰል) እና በሰከንድ በሚፈጀው ዳታ፣ ድምፁን ጨምሮ 240 በ400 ኪሎቢት፣ 360 በ650፣ 480 በ1100፣ 720 በ2200። ለጥቁር ሰሌዳ 1080 ትርፍ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ስታዘጋጅ ቁራጩ 4 ሰከንድ ይሁን፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ ኪፍሬም (ቪዲዮው ሊቆረጥ የሚችልበት ሙሉ ምስል) በየ50 ፍሬሙ አድርግ፣ ትዕይንት ሲቀየር በራሱ የሚጨምረውንም ዝጋው። ይህ ከተዘነጋ የአራቱ ጥራት ቁራጮች እኩል አይገጥሙም፤ ጥራት ሲቀየር ምስሉ ይዘላል።

በዋናው ማኒፌስት (ጥራቶቹን ለማጫወቻው በሚዘረዝረው ፋይል) ላይ 360ን አስቀድመህ ጻፍ፣ አይፎን የሚጀምረው መጀመሪያ ካገኘው ነው። የምትጽፈው ቢትሬትም (በሰከንድ የሚፈጀው ዳታ) ከፍተኛው ይሁን። 650 ብለህ ቁራጩ 900 ከሆነ ማጫወቻው አምኖህ ወደዚያ ጥራት ከፍ ይልና ቪዲዮው ቆሞ የመጠበቂያው ምልክት መሽከርከር ይጀምራል።

ጠያቂው፦ ሙከራው ላይ 1 ሜጋቢት እያለ ከ360 አልወጣ አለ፤ ብልሽት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኤችኤልኤስ ጄኤስ ወደ ላይ ሲወጣ ከለካው 70 በመቶውን ብቻ ነው የሚያምነው። ከ1000 ኪሎቢት 700 ይቀራል፤ 650ን ይችላል፣ 1100ን አይችልም። 480 ላይ ለመውጣት ወደ 1.6 ሜጋቢት ይፈልጋል። ቁጥሩን ማሳደግ ይቻላል፣ ግን አትንካው፤ ማታ ኔትዎርክ ሲጨናነቅ የሚያድንህ እሱ ነው። ይልቅ የቪዲዮው ጥራት በገጹ ላይ ባለው ማጫወቻ ስፋት ልክ እንዲገደብ የሚያደርገውን ምርጫ ክፈት፣ ሳትነካው ዝግ ነው።

ተጨማሪ፦ ጥራት መምረጫው ላይ ከ«240» ይልቅ «በሰዓት 180 ሜጋባይት» ብለህ ጻፍ፤ 720ው 990 ይሆናል። ተማሪው የሚያውቀው ሜጋባይቱን ነው።