ከግሉተን ነፃ ክራከር መሃሉ አልደርቅ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ልጄ ሴሊያክ (ግሉተን የሚባለው የእህል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ስላለባት ስንዴ፣ ገብስና አጃ እህል ቤታችን አይገባም። ክራከር (ስስ ደረቅ ብስኩት) የምጋግርላት በሩዝ ዱቄትና በተፈጨ ተልባ ነው። ሊጡን በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል አድርጌ በመዳመጫ አሳሳዋለሁ፤ ከዚያ በቢላ ከፋፍዬ በ180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አስገባዋለሁ። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ የመሃሉ ግን እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ትንሽ ካቆየሁት ደግሞ ዳር ዳሩ አርሮ ይመራል።

ተልባው ውሃ አጥብቆ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ግን ስቀንሰው ሊጡ ይፈረካከሳል፤ ግሉተን ስለሌለው ሌላ የሚያያይዘው የለም። ሙቀቱን ወደ 150 አውርጄ ረዘም ላለ ጊዜ ላቆየው ወይስ የዳር ዳሩን ቀድሜ እያወጣሁ የመሃሉን ልመልሰው? የሞከራችሁት ካላችሁ የተልባና የዱቄቱን መጠን ጭምር ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ፤ ትምህርት ቤት ይዛው የምትሄደው መክሰስ እሱ ነው።