ለ10ኛ የጋብቻ ዓመታችን ጅማ፦ በትንሽ ወጪ እንዴት?

ጠያቂ (ከስቶክሆልም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተጋባነው ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ዘንድሮ 10 ዓመት ይሞላናል። ባለቤቴ የጅማ ልጅ ስለሆነ በዓሉን እዚያ ለማሳለፍ አስበናል። ጠቅላላ ጊዜያችን ሁለት ሳምንት ሲሆን ከዚያ ውስጥ ሦስት ወይም አራቱን ቀን ለሁለታችን ብቻ እንፈልጋለን። ቡና ሲለቀም ማየትም እመኛለሁ። ብዙ ብር የለንም። ከየት እንጀምር?

የሄርማታ ልጅ፦
እንኳን አደረሳችሁ እህቴ። መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። 2007 ጳጉሜን 6 ስለነበረች የሠርጋችሁ ዕለት በፈረንጅ ጃንዋሪ 24 ላይ ውሏል። ዘንድሮ ጥር 15 የሚውለው ጃንዋሪ 23 ነው። በስልካችሁ ማስታወሻ ተመርታችሁ ሆቴል ከያዛችሁ በአንድ ቀን ትዘገያላችሁ። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው። ጿሚ ከሆናችሁ የበዓሉ እራት ሽሮና አትክልት ይሆናልና ሥጋውን ወደ ቅዳሜ አዙሩት።

ከጥምቀት በፊት ወደ ጅማ አትነሱ። ጥር 11 ሰኞ ነው፤ በዚያ ሰሞን መንገደኛም ሠርገኛም ስለሚበዛ አውሮፕላኑም አውቶቡሱም ይሞላል። ረቡዕ ጥር 13 ብትገቡ ይሻላል።

በመኪና ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ጊቤን ተሻግሮ በሰኮሩና በአሰንዳቦ ይገባል። በአውቶቡስ ቀኑን አብዛኛውን ይበላል። የጊቤ ቁልቁለት ያምራል፤ ግን አራት ቀን ብቻ ላለው ሰው ሁለቱን ቀን መንገድ ላይ መጨረስ ቁጠባ አይባልም። በመኪና ለመሄድ ከወሰናችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ከሹፌሮች ጠይቁ፤ በጨለማ አትጓዙ። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው፤ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያም ከከተማው ጥግ ነው። ወደ አገር ቤት የምትመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡን ትኬት ከዓለም አቀፉ ጋር አያይዛችሁ ግዙ። ዋጋው ይቀንሳል። ለብቻው ሲገዛ የሚፈቀደው የሻንጣ ክብደት ያነሰ ስለሆነ፣ ለዘመድ በሞላችሁት ሻንጣ ትርፍ ክብደት ትከፍላላችሁ።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል፤ አውቶቡስና ባለመኪና ግን በእኛ ሰዓት ነው የሚያወሩት። «በ12» ያላችሁ ሹፌር ንጋት ላይ በር ላይ ቆሟል።

ከገባችሁ በኋላ ሁለት ሌሊት ጅማ እደሩ። ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ቀን ነው። በዚያው ቀን ጠዋት ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ተመልከቱ። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ስለሆነ ባጃጅ ደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው ተነጋገሩ። አድርሶ ከተመለሰ ከላይ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ወደ 10 ሰዓት ላይ ቦዬ ረግረግ ወርዳችሁ ጉማሬ ፈልጉ፤ ከዳር ሆኖ ማየት ነጻ ነው። በጉማሬና በውኃው መካከል ግን አትግቡ፤ ወደ ውኃው የሚመለስ ጉማሬ መንገድ አይለቅም።

ቦሳ ቂጦ፦
ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ልክ ነው፤ ጅማ ሁለት ሌሊት የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። የጅማ ልጅ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ታይቶ ከሰዓት በፊት አክስቱ ጋ ወሬው ሳይደርስ ይቀራል? ከዚያ በኋላ ሆቴል መያዛቸው ቅሬታ ነው፤ ሦስቱ ቀንም የእነሱ አይሆንም። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ረቡዕ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ በቀጥታ ወደ ካፋዋ ከተማ ቦንጋ ሂዱ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ እዚያው እደሩ፤ ለዘመድ «ቅዳሜ እንገባለን» በሉ። ከቅዳሜ ጀምሮ ቤተሰብ ቤት ስለምታድሩ የሆቴል ወጪው የሦስት ሌሊት ብቻ ይሆናል። ጅሬንና ቦዬ ከዘመድ ልጆች ጋር ይታያሉ፤ የገበያው ሐሙስ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አለ።

ቦንጋ ከጅማ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት። ከፊሉን መንገድ «በለጠ» በሚባለው ጫካ ውስጥ ነው የምታልፉት፤ እዚያ ግማሽ ሰዓት ውረዱ። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ባርታ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይም በዚያው አካባቢ ናቸው።

ገንዘባችሁን የሚበላው መኪናው ነው። ኮንትራት ስትይዙ ቀድማችሁ አራት ነገር ለዩ፦ ነዳጅ የማን ነው፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ ተካቷል ወይ፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይፈቀዳል፣ የቆመበት ቀን ይከፈላል ወይ። ሹፌር ሦስት ቀን ቦንጋ ማስቀመጥ ለቆመ መኪና መክፈል ነው። ስለዚህ መሄጃውን ብቻ ኮንትራት ያዙ፤ ባዶ የሚመለስበትን ቢያስከፍላችሁም ያዋጣል። መመለሻውን በሕዝብ ሚኒባስ ጠዋት ኑ፤ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ እስኪነሳ መጠበቁ ይረዝማል። ለፏፏቴው ግማሽ ቀን እዚያው ቦንጋ ውስጥ መኪና ተከራዩ።

ሆቴል ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፤ «ከነታክሱ?» በሉ። በብዙ ቦታ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርና በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላል፤ 1,000 ብር የተባለው ክፍል 1,265 ይሆናል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ ቦታ ስትይዙ ተናገሩ። የስዊድን ፓስፖርት ብቻ ካሳያችሁ የውጭ አገር ሰው ዋጋ ሊጠሩላችሁ ይችላሉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ካርድ አይሠራም፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ብር ያዙ።

ጠያቂ፦
ቦንጋ መጀመሪያ፣ ገባኝ! የቡናው ለቀማስ?

የሄርማታ ልጅ፦
እኔም ቅደም ተከተሉን ተቀብያለሁ፤ አክስቶቹን ረስቼ ነበር። ለቀማው አልፏችኋል እህቴ። ዋናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በጥር አጋማሽ የምታዩት በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚደርቅ ጀንፈል (ከነገለባው ያለ ቡና) እና መፈልፈያ ቤቱ ሲሠራ ነው። እሱም መጥፎ አይደለም፤ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልስ በሚኒባስ ይሆናል። የቡና አበባ ከፈለጋችሁ ሌላ ዓመት በየካቲት ወይም በመጋቢት ኑ። ከመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ከሳምንት በኋላ ይፈነዳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ስለዚህ ትኬት ቀድሞ ቆርጦ እሱን መያዝ ዕድል ነው።

ቦሳ ቂጦ፦
የመመለሻ ሻንጣውን ልጨምር። ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይገባል፤ በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ አይያዝም፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ በሁለት ፌስታል እሰሩት። ቂቤና ቋንጣ ክልክል ነው፤ ባለቤትሽ እናቱን እምቢ ማለት ካልቻለ እዚያው ብሉት። ቡናውን ተቆልቶ ውሰዱ። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ የተጣበቀ እግር ካለ ተዉት። ጥቃቅን ቀዳዳና ብናኝ ያለበት ነቀዝ ገብቶበታል፤ ያንን ጉምሩክ ላይ ሊወስዱባችሁ ይችላሉ።