ተዳፋት መሬት ላይ ፐርማካልቸር ከየት ልጀምር?

ጤና ይስጥልኝ። ወደ አንድ ሄክታር ተኩል የሚሆን ተዳፋት መሬት አለኝ። በፐርማካልቸር፣ ማለትም የተፈጥሮን አሠራር ተከትሎ መሬትን በዘላቂነት በማልማት ዘዴ፣ ላለማው ቆርጬ ተነስቻለሁ፤ ግን ገና ከጅምሩ ግራ ገብቶኛል።

ችግሬ ውሃው ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ከታች ደለሉ ተቆልሎ ሣሩን ቀብሮታል፤ ከላይ ጠጠሩ አግጥጦ ወጥቷል። አካፋ ስሰካበት ከአንድ ስንዝር በታች ደረቅ ነው፣ ያውም በዝናብ ማግስት!

እስካሁን የገባኝ፣ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከዚያ ዛፉ እንደሚታሰብ ነው። በኤ ቅርጽ በተሠራ የእንጨት ውሃ ልክ ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) አውጥቼ ውሃ የሚይዝ ቦይ ልቆፍር አስቤያለሁ። ነገር ግን ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ እንዲህ ያለ ቦይ መሬቱን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። እዚያ ላይ ቦዩን ትቼ ሥራቸው አፈር የሚይዝ ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ ብተክል ይበቃል? ትርፉ ውሃስ በየት በኩል ይውጣ?

ሌላው፣ ሁሉንም በአንዴ ልንካው ወይስ ከጓሮዬ ልጀምር? እኔ ወደ ጓሮው አደላለሁ፤ በየቀኑ የማየው ቦታ ነውና አልዘነጋውም። ግን እስከዚያ የላይኛው አፈር መታጠቡ ያንገበግበኛል። ተዳፋት ላይ የሠራችሁ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ምን ላይ እንዳዋላችሁት እባካችሁ ንገሩኝ።