ክርክር፦ የቅጽበት ዜና ጠቀመን ወይስ ጎዳን?

አወያይ፦ ብሎግና ማኅበራዊ ሚዲያ ከመጡ ወዲህ የሚደርሰን ዜና ተሻለ ወይስ ባሰበት? ሐሳባችሁን ከነማስረጃው አምጡ። ስድብ ይሰረዛል። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ይሁኑ።)

ሄኖክ፦ ተሻለ እንጂ! በ2004 የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ የውትድርና አገልግሎት በ1972 እና 1973 ተጻፉ የተባሉ ሰነዶችን አቀረበ። በማግስቱ ብሎገሮች ፊደሉን ተጠራጠሩ። አንዱ ያንኑ ጽሑፍ በኮምፒውተር መጻፊያው በማይክሮሶፍት ዎርድ፣ ምንም ማስተካከያ ሳይነካ፣ ተየበና ሰነዱ ላይ ደረበው፤ መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ሳይቀር ልክክ አለ። በዚያ ዘመን የጽሕፈት መኪና የተተየበ ወረቀት እንዲህ ሊገጥም? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሲቢኤስ የሰነዶቹን እውነተኛነት ማረጋገጥ እንደማይችል አመነ። ያ ሁሉ አርታኢ ያላየውን ያየው ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ነው።

ሰላማዊት፦ ሄኖክዬ፣ ያ የተሳካው እኮ ሲቢኤስ ራሱ ሰነዶቹን ድረ ገጹ ላይ ስለለጠፈ ነው። ባይለጥፍ ምኑን ይደርቡ ነበር? ቦስተንንስ ለምን ዘለልከው? በ2013 ማራቶኑ ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ፎቶ እያመሳሰለ አንድ የጠፋ ተማሪን አጥቂ አደረገው። ልጁ ምንም የለበትም። ቤተሰቡ ልጃቸውን እየፈለጉ ነው ይሄ የወረደባቸው። ሬዲት በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ስሙን ያራገበው ሁሉ ይቅርታውን አነበበው?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ልጆች፣ ጥፋቱን ሕዝቡ ላይ ብቻ አትጫኑ። በ2011 መጀመሪያ የአሜሪካ ምክር ቤት አባሏ ጋብሪኤል ጊፈርድስ በጥይት ስትመታ "ሞታለች" ያለው የአሜሪካው ሬዲዮ ኤንፒአር ነው፤ ሌሎች ትላልቅ ጣቢያዎችም ተከተሉት። ሴትዮዋ ግን ተረፈች። በኛ ጊዜ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት እስኪገባ ደውሎ ለማጣራት ሰዓት ነበረ። ስህተት አልነበረም ብዬ ግን አልምልም፤ የሚያጋልጥ ስላልነበረ ይሆናል ንጹሕ የሚመስለን።

ሄኖክ፦ ተባረኩ ጋሼ! በ2009 አውሮፕላን ኒው ዮርክ ውስጥ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ ጀልባ ላይ የነበረ ተሳፋሪ በስልኩ አንስቶ ትዊተር ላይ ለቀቀው። የትኛው ዘጋቢ ይቀድመዋል?

ሰላማዊት፦ አይቀድመውም፤ መቅደምስ ለምን ያስፈልገዋል? ሰውየው በዓይኑ ያየውን ነው የለጠፈው። ጣጣው ያላዩትን መቀባበል ላይ ነው። በ2013 የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ የትዊተር አካውንት ተጠልፎ "ዋይት ሐውስ ፈነዳ፣ ኦባማ ቆሰለ" ተባለ። የዳው ጆንስ አክሲዮን መለኪያ በደቂቃዎች ከ140 ነጥብ በላይ ወርዶ ተመለሰ። በዚያች መሀል ደንግጦ ለሸጠ ሰው እርማቱ ምን ይረባዋል?

ቤቲ፦ እኔ የምለው፣ እርማት ሲኖር እዚያው ስህተቱ ላይ፣ ከላይ ይጻፍ። ለብቻው ሌላ ልጥፍ አድርጎ መወርወር ለኔ እርማት አይደለም። ስህተቱን ያጋራ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሄኖክ፦ በዚህ እስማማለሁ ቤቲ። ግን የተሳሳተው ልጥፍ ይጥፋ የሚሉ አሉ፤ እሱን አልቀበልም። ከጠፋ ማን ምን እንዳለ በምን ይታወቃል? ሲቢኤስም ሰነዶቹን አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አናወራም ነበር።

ሰላማዊት፦ ሲቢኤስ ድርጅት ነው፣ ይቆይበት። የግለሰብ ስም ያለበት ግን ይጥፋ። የዚያ ተማሪ ስም በተፈለገ ቁጥር "ቦምብ አፈንጂ" እየተባለ ከሚወጣ፣ ያንተ ማስረጃ ይቅርብህ።