እማዬን «እግርሽን እያየሽ ሂጂ» ማለታችን እየጎዳት ይሆን?

የገርጂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ጥር ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኮብልስቶን ላይ ወደቀች። ተመስገን፣ አልተሰበረችም፤ የእጇ አንጓ ብቻ አብጦ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ግን አካሄዷ ሌላ ሆነ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ደረጃውን የምትወርደው አንገቷን ደፍታ፣ «ቀኝ... ግራ... ቀኝ...» እያለች ነው። ጥፋቱ የእኛም ነው መሰለኝ። እኔና ወንድሜ ከኋላ ከኋላዋ እየሄድን «እማዬ ቀስ! እግርሽን እዪ! ከፍ አድርጊው!» ስንል እንውላለን።

ባለፈው እሁድ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ቡና ተፈልቶ፣ ከኩሽና እስከ ሳሎን ሰፌድ ሙሉ ፈንዲሻ ይዛ መጣች። ቀጥ ብላ፣ ልክ እንደ ድሮዋ። ዓይኗ ፈንዲሻው ላይ ነው፣ እግሯ ትዝም አላላት። አንድ ፍሬ አልጣለችም። ሰፌዱን አስቀምጣ ስትመለስ ግን ግድግዳ ይዛ «ቀኝ... ግራ...»። ሰው ስለ እግሩ ማሰቡ አካሄዱን ያበላሽበታል እንዴ? ወይስ እኔ ነኝ የማጋንነው?

ፊዚዮው፦
አላጋነንሽም እህቴ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እንደ እናትሽ ያሉ ብዙ አይቻለሁ። መራመድ ሰውነት በልምድ የሚሠራው ሥራ ነው። ሰው ሲፈራ ግን ያንን ሥራ ነጥቆ በሐሳቡ ሊመራው ይነሳል። ጡንቻው ይገተራል፣ እርምጃው ያጥራል። ሪች ማስተርስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ጎልፍ ጀማሪዎችን አጥንቶ ነበር። አመታቱን በመመሪያ ብዛት የተማሩት፣ ሳያስቡት ከለመዱት ይልቅ ጭንቀት ጎዳቸው። ሐሳቡ በኋላ ወደ አረጋውያን መጣ። ወድቀው የሚያውቁት ካልወደቁት ይልቅ ስለ እንቅስቃሴያቸው አብዝተው ያስባሉ። ማሰባቸው ጣላቸው ወይስ መውደቃቸው አሳሰባቸው? ይሄ ገና ያከራክራል።

ሌላም አለ። ሐሳብ እግር ላይ ሲያልቅ ለሌላው አይተርፍም። ስዊድን፣ ኡሜኦ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ላይ 58 አረጋውያንን እያራመዱ ያናግሯቸው ነበር። 12ቱ ለማውራት ቆሙ። ከ12ቱ 10ሩ በ6 ወር ውስጥ ወደቁ። (እኛ አገር ቢሞከር ሁሉም ይቆማል። እየሄዱ ሰላም ማለት ነውር ነው!)

ስለዚህ ስለ እግራቸው ሳይሆን ስለሚሄዱበት ንገሪያቸው። «እግርሽን አንሺ» ቀርቶ «እስከ በሩ እንሂድ» ይሁን። ደረጃ ላይ ግን ሰፌድ አይያዙ፤ እጃቸው መደገፊያውን ይያዝ፣ ዓይናቸው የሚረግጡትን ደረጃ ይይ። የፈራ ሰው እግሩ ሳያርፍ ዓይኑን ወደ ቀጣዩ ያሻግራል፣ እዚያ ላይ ይስታል። ከምክር ሁሉ የሚበልጠው ግን የእግር ጉልበትና የሚዛን ልምምድ ነው። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፊና ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ መጀመሪያ ላይ አጠገባቸው ቁሚ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አባቴ 81 ናቸው። እኔም እንደ አንቺ ትራፊክ ፖሊስ ሆኜባቸው ነበር። አንድ ቀን «አንተ ዝም ስትል ነው ደህና የምሄደው» አሉኝ። ተቀየምኩ፣ ግን እውነት ነበር። በኋላ የአረጋውያን ማእከል ታይ ቺ የሚሉትን ዝግ ያለ የቻይና እንቅስቃሴ አስጀመራቸው። «በስተርጅና ካራቴ!» ብለው ሳቁ። አስተማሪዋ ስለ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ብዙ አታወራም፤ «ውኃ ውስጥ እንዳላችሁ ሁኑ» ነው የምትለው። አሁን ክፍለ ጊዜው ካለፋቸው የሚቆጡት እኔን ነው።

የአያቷ ልጅ፦
ጥንቃቄን ግን አታጣጥሉብን። አያቴ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ምንጣፍ ጠለፋቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ስለ እግራቸው ቢያስቡ ኖሮ ይተርፉ ነበር። ደግሞ ሁሉም ነገር ሐሳብ አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒታቸው በዝቶ ኖሮ፣ ከአልጋ ሲነሱ ያዞራቸው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። የእናትሽ መድኃኒት ይታይ። መነጽራቸውስ መቼ ነው የተለካው? ያ ከኋላ የተከፈተ ነጠላ ጫማስ?

ፊዚዮው፦
ትክክል። ምንጣፉን ማንሳት የማንንም ሐሳብ አይጠይቅም። እኔም አትጠንቀቁ አላልኩም፤ ጥንቃቄው መንገዱ ላይ ይሁን ነው።

የገርጂዋ፦
ሦስት ሳምንት ሆነን። የኮሪደሩ ምንጣፍ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገብቷል። ነጠላ ጫማው በጨርቅ ጫማ ተቀየረ፣ በብዙ ንትርክ። መድኃኒቷን ሐኪም አይቶ ማታ የምትውጠውን አንዱን ቀነሰላት። ወንድሜ አሁንም «ቀስ!» ይላል፣ እሱን መቀየር ከባድ ነው። ቁጭ ብድጉን ዜና ሲጀምር ትሠራዋለች፤ አስር ታደርስና «ለዛሬ ይበቃል፣ ጦም ነው» ትላለች።

ትናንት ደረጃውን ስንወርድ ቆጠራው የለም። መደገፊያውን ይዛ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ታወራኛለች። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ድንገት ቆመች። ያ የስዊድኑ ነገር ትዝ አለኝና ልቤ ድንግጥ አለ። «ምነው እማዬ፣ ደከመሽ?»

«ኧረ ምን ያደክመኛል!» አለችና ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን የምነግርሽን ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው።»