ፋየርፍላይን ከየትኛው ክፍል ልጀምር? መጨረሻስ አለው?

አዲስ ተመልካች፦

ጤና ይስጥልኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ፋየርፍላይን ሳታይ ስለ ጠፈር ድራማ አታውራ» ብላ አፌን ካስያዘችኝ ሰነበተች። ልጀምር ስል ግን ገና ከደጃፉ ግራ ተጋባሁ። አንዱ ዝርዝር በባቡር ዘረፋ ይጀምራል፣ ሌላው በጦር ሜዳ። ይባስ ብሎ በአንዱ የመጨረሻ የሆነው ክፍል በሌላው የመጀመሪያ ነው። የትኛውን ልከተል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ታሪኩ እልባት ያገኛል ወይስ አንጠልጥሎ ይተወኛል? ተንጠልጥሎ የቀረ ድራማ ከዚህ በፊት አንጀቴን አቃጥሎኛልና መልሱን ሳላውቅ አልጀምርም። ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ ግን እባካችሁ አትንገሩኝ።

የሞተር ክፍል፦

ወንድሜ፣ በጦር ሜዳው ጀምር። ይህ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

ያ ሁለት ሰዓት የሚወስደው ክፍል «ሰረኒቲ» ይባላል፤ የድራማው ፈጣሪ ጆስ ዌደን መግቢያ እንዲሆን አስቦ የሠራው እሱን ነው። የፎክስ ቴሌቪዥን ኃላፊዎች ግን አልጣማቸውም፤ ቶሎ ወደ ግርግር የሚገባ ሌላ መክፈቻ ጠየቁ። ዌደንና የሥራ አጋሩ ቲም ሚኒየር የባቡሩን ዘረፋ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጽፈው አስረከቡ፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2002 አርብ ማታ ለሕዝብ የቀረበውም እሱ ሆነ። እውነተኛው መግቢያ የተላለፈው ዲሴምበር 20 ቀን፣ ድራማው እንዲቋረጥ ከተወሰነ በኋላ ነው። በመካከሉ ክፍሎቹ ተዘበራረቁ፣ አንድ አርብ ለቤዝቦል ጨዋታ ተለቀቀ፤ ከተሠሩት 14 ክፍሎች ሦስቱ በዚያ ጣቢያ ጭራሽ ሳይታዩ ቀሩ። ሁለት ዝርዝር ያገኘኸው ለዚህ ነው፤ አንዱ የሥርጭቱ፣ ሌላው የሠሪዎቹ። ዲቪዲው በ2003 ሲወጣ የሠሪዎቹን ቅደም ተከተል መልሷል፤ እሱን ያዝ።

ይህን ማንም አድናቂ ይነግርሃል። እኔ የምጨምረው ከሙያዬ ነው። ሥራዬ ጄኔሬተር መጠገን ነው፤ ድራማውን ሳይ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ክፍል ነው።

በ«ሰረኒቲ» መጀመሪያ ገደማ መካኒኳ ካይሊ ለካፒቴን ማል ኮምፕረሽን ኮይል የሚባለውን የሞተር ዕቃ አዲስ እንዲገዛላት ትጠይቀዋለች። ያ ኮይል ከሄደ መርከቧ ጠፈር ላይ ተንሳፍፋ እንደምትቀር ይነገረዋል። ማል በቀልድ ያልፈዋል፤ ገንዘብ የለውም፣ ሐሳቡ ያለው ተሳፋሪ ማግኘት ላይ ነው። ተመልካቹም ከእሱ ጋር ይስቅና ይረሳዋል። (ደንበኞቼ በሙሉ ማል ናቸው። «እስካሁን ሠርቶ የለም?» ይሉኛል።) ከዚያ ስምንተኛው ክፍል ላይ፣ «አውት ኦቭ ጋዝ» በሚባለው፣ የዶክተሩን የሳይመንን ልደት ለማክበር ሁሉም ገበታ ዙሪያ ተሰብስበው ሲሳሳቁ ፍንዳታ ይሰማል፤ እሳት በኮሪደሩ ይነጉዳል። የሄደው የዚያው ኮይል አንዲት መለዋወጫ ናት። ሞተር የለም፣ አየር የሚያመርተው መሣሪያም የለም፣ የቀረው አየር ደግሞ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

አሁን በሥርጭቱ ቅደም ተከተል ያየውን ሰው አስበው። ብልሽቱን ያየው ኦክቶበር 25 ቀን ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የሰማው ሁለት ወር ሊሞላ ሲል። ካይሊ ተናግራ እንደነበር፣ ማልም ሰምቶ እንዳሳለፈው ሳያውቅ አደጋውን እንደ ድንገተኛ ነገር አየው። የዕዳ ታሪክ የነበረው የዕድል ታሪክ ሆነበት። ለእኔ የዚያ ጣቢያ ትልቁ ጥፋት መሰረዙ ሳይሆን ይህ ነው።

እዚያው ክፍል ላይ ካይሊ ከሞተሩ አጠገብ የተሰበረውን ዕቃ ይዛ ትቀመጣለች። ሌላ ጊዜ እጇ ሞተሩን ከነካ የማይነሳ ነገር የለም። አሁን ግን አንዳንድ ነገር አንዴ ከተሰበረ እንደማይጠገን ለካፒቴኑ ትነግረዋለች፤ ድምጿ ውስጥ እፍረት አለ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ አስቀድማ ተናግራለች። ሆኖም «አስጠንቅቄህ ነበር» አትልም። በእኛ ሥራ ይህን አለማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብዙ የጠፈር ድራማ አይቻለሁ፤ መሐንዲሱ ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ተአምር ያገኛል። እዚህ ተአምር የለም። ወይ መለዋወጫው ይገኛል፣ ወይ ያልቃል።

አሠራሩንም ልብ በል። ክፍሉ ሦስት ዘመን ያፈራርቃል፦ ማል ባዶ መርከብ ውስጥ ብቻውን የሚንገዳገድበት፣ ወደዚያ ያደረሱት ሰዓታት፣ እና ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ከመርከቧ ጋር የተገናኙበት የድሮ ቀን። በጽሑፍ «ከዚህ ቀደም» የሚል ምልክት አይሰጥህም፤ የምትለየው በብርሃኑ ነው። አሁኑ ቀዝቃዛና ሰማያዊ፣ የድሮው ሞቅ ያለ። ካይሊ የተቀጠረችበትን ትዕይንት በተለይ እየው። የነበረው መካኒክ መርከቧ አትነሳም ብሎ ተስፋ ቆርጧል። እሷ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ የተበላሸውን ዕቃ ነቅላ ትጥልና መስመሩን በቀጥታ ታገናኘዋለች። ከዚያ መርከቧ ትነሳለች። ትክክለኛ ጥገና ማለት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የማያስፈልገውን ማውጣት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላቁም። የመርከቧ ውስጥ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራው ተቆራርጦ አይደለም፤ የላይኛው ፎቅ አንድ ወጥ፣ የታችኛውም አንድ ወጥ ሆኖ ነው። ካሜራው ተዋናዩን ተከትሎ ከመሪው ክፍል በመኝታ ክፍሎቹ መውጫ፣ በመመገቢያው በኩል እስከ ሞተሩ ድረስ ሳይቋረጥ መሄድ ይችላል። እንግዲህ ስምንተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ያንን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሰህበታል፤ ርቀቱን እግርህ ያውቀዋል። ማል ቆስሎ፣ መለዋወጫዋን ይዞ ወደ ሞተሩ ሲሄድ ስንት እርምጃ እንደቀረው ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። ይደርስ አይደርስ አልነግርህም።

ስለ መጨረሻው፦ 14ቱ ክፍሎች ታሪኩን አይዘጉም። ዲቪዲው በደንብ በመሸጡ ዩኒቨርሳል ፊልም እንዲሠራ ገንዘብ መደበ፤ እንደ መግቢያው ክፍል እሱም «ሰረኒቲ» በሚል ስም በ2005 ወጣ። ከሁሉም ክፍሎች በኋላ ተመልከተው። ሪቨር የምትባለው ልጅ ለምን እንደምትታደን ዋናው መልስ ያለው እዚያ ነው። በር ዘግቶ የሚወጣ ፊልም ነው፤ ሁሉንም መስኮት ግን አይዘጋም።

ሦስተኛ ረድፍ፦

የሞተር ክፍል ስለ ቅደም ተከተሉ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ለአዲሱ ወንድማችን ሌላውንም ጎን ማሳየት ተገቢ ነው። እኔ ይህን ድራማ እወደዋለሁ፣ ሆኖም የምንወደው በከፊል ገና በልጅነቱ ስለተቀጨ ነው። ሰባት ምዕራፍ ቢሄድ ኖሮ ማልና መርከቧ ላይ የምትኖረው ኢናራ በየሳምንቱ ሲኮራረፉ ሰልችተናቸው ነበር። ደካማ ምዕራፍ የሌለው ደካማ ምዕራፍ ለመሥራት ጊዜ ስላላገኘ ነው።

ሌላም አለ። ታሪኩ የሚካሄደው በ2517 ነው። አሜሪካና ቻይና ሁለቱ ኃያላን ሆነው ከምድር የወጡበት ዓለም ነው ይባላል። ሰዎቹ ሲናደዱ በማንዳሪን ይሳደባሉ፣ በየገበያው የቻይንኛ ጽሑፍ ተለጥፏል። ከዘጠኙ ዋና ገጸ ባሕርያት መካከል ግን አንድም ቻይናዊ የለም። ቋንቋቸው ቀርቶ ሰዎቹ የት ሄዱ? ይህን ጥያቄ ያነሣሁ የመጀመሪያዋ ሰው አይደለሁም፤ አጥጋቢ መልስ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

የሞተር ክፍል፦

እህቴ፣ በቻይናውያኑ ነገር ትክክል ነሽ። ልከራከርሽም አልሞክርም፤ ጉድለት ነው።

በልጅነት መቀጨቱ ላይ ግን አልስማማም። ገና በአንድ ምዕራፍ የቀሩ ድራማዎች እልፍ ናቸው፤ አብዛኛዎቹን ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ዕድሜ ማጠር ብቻውን የሚያስወድድ ቢሆን ኖሮ እነዚያም ይወደዱ ነበር። ይህኛው የቀረው ድህነቱን ስለሚያውቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ጋላክሲ ለማዳን አልተነሡም፤ ነዳጅ ለመሙላት ነው የሚሮጡት። ማልና ምክትሉ ዞዊ የተሸነፈው ወገን ወታደሮች ነበሩ፤ ከጦርነቱ ስድስት ዓመት በኋላ የሚኖሩት ያሸነፋቸው መንግሥት በማይደርስበት ጠርዝ ላይ፣ ከሥራ ወደ ሥራ ነው። ክፍያ የቀረበት ሥራ አለ፣ ተከፍሎ የሚመለስ ገንዘብ አለ። የባቡሩ ዘረፋ ራሱ፣ ያ በሁለት ቀን የተጻፈው፣ የሰረቁት ዕቃ መድኃኒት መሆኑን ሲያውቁ ምን ያደርጋሉ በሚለው ላይ ነው የቆመው። ኪሳቸው ባዶ ባይሆን ጥያቄው ጥያቄ አይሆንም ነበር። ይህ አሠራር በሦስተኛውም ምዕራፍ ሊቀጥል ይችል ነበር፤ ድህነት ሴራ አያልቅበትም።

ስለ ማልና ኢናራ ኩርፊያ የተናገርሽውን ግን እቀበላለሁ። አሁንም ይሰለቸኛል።

ጸጥታ፦

ስለ ድምፅ ማንም አልተናገረም! መርከቧን ከውጭ ስታዩአት ሞተሯ አይጮህም። ጠፈር አየር የለውምና ድምፅ አያስተላልፍም፤ ድራማው ይህን አክብሮታል። ፍንዳታ ሳይቀር በዝምታ ያልፋል፣ ወይም ጊታርና ቫዮሊን ብቻ ይሰማል። ካሜራውም እጅ ላይ ተይዞ እንደተቀረጸ ይንቀጠቀጣል፤ በኮምፒውተር የተሠራችውን መርከብ ሲያሳይ እንኳ ፈልጎ ያገኛት ይመስል ትንሽ ይስታትና ይመለሳል። ያንን የሠራው ዞይክ ስቱዲዮ በ2003 ለዚያው ለመግቢያው ክፍል የኤሚ ሽልማት አግኝቶበታል።

ለጨዋታ ያህል፦ ጠፈርተኛው ስቲቭ ስዋንሰን በ2007 የድራማውንና የፊልሙን ዲቪዲ ይዞ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥቷል። ፎክስ አርብ ማታ ቦታ ያጣለት ድራማ እዚያ ላይ ቦታ ተገኘለት።

አዲስ ተመልካች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጦር ሜዳው ጀምሬ ሦስት ክፍል አይቻለሁ። ስለ ኮይሉ የተባለውን ባላነብ ኖሮ ያቺ ንግግር በጆሮዬ ሽው ብላ ታልፍ ነበር፤ አሁን ካይሊ በታየች ቁጥር ልቤ ይሰቀላል። የሞተር ክፍል፣ ዕረፍት ነሥተኸኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ። በባቡሩ ዘረፋ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ጓንት ያደረጉ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ዝም ብለው ሲያዩአቸው እንኳ ያስፈራሉ። በፊልሙ ውስጥ ማንነታቸው ይገለጻል? ተስፋ አድርጌ እንዳልጠብቅ ነው የምጠይቀው።

የሞተር ክፍል፦

ከፊልሙ አትጠብቃቸው። «ኤሪየል» በሚባለው ክፍል፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ታገኛቸዋለህ፤ ያንን ክፍል መብራት አጥፍተህ አትመልከት። የእነሱ ጉዳይ የሚቋጨው በ2005 ዳርክ ሆርስ ባሳተመው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ነው፤ «ዞዝ ሌፍት ቢሃይንድ» ይባላል፣ ሦስት ቀጭን ቅጽ። በድራማውና በፊልሙ መካከል ያለውን ጊዜ የሚሞላ ስለሆነ ከ14ኛው ክፍል በኋላ፣ ከፊልሙ በፊት አንብበው።

ሦስተኛ ረድፍ፦

በአጨራረሳቸው ትበሳጫለህ፤ ከዚያ በኋላ ና፣ እኔም አብሬህ እበሳጫለሁ።